በማይመች ሲስተም ላይ ቴስት መሥራት፣ ለጥምቀት እንግዳ

እጃችሁ ላይ ያለው ላፕቶፕ ለቴስት አይመችም ከተባላችሁ፣ የተሻለው እስኪመጣ አትጠብቁ። እዚሁ ጎንደር ኮድ የምንጽፍ ልጆች ስንገናኝ ደጋግማ የምትነሳ ወሬ አለች፤ «ቴስቱን ጥሩ ማሽን ሳገኝ እጽፈዋለሁ»። ጥሩው ማሽን ብዙ ጊዜ አይመጣም። አፑ ግን ሳይሞከር ሰው እጅ ይገባል።

እኔ እንዲያውም የማይመች ሲስተም ጥሩ አስተማሪ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉ ነገር ተሰናድቶ በሚመጣበት ማሽን ላይ ቴስታችን በምን ላይ ቆሞ እንደሚሠራ አናይም። የፊደሉ ፎንት ከየት መጣ? የወሮቹን ስም ማን ሰጠው? ሰዓቱስ የየት አገር ሰዓት ነው? በማይመቸው ሲስተም ላይ እነዚህ ሁሉ አንድ በአንድ ይጎድላሉ። ስትጭኗቸው ታውቋቸዋላችሁ።

እኔ የምሠራው አፕ ቀላል ነው። ማራኪ በሚባለው የጎንደር ሰፈር ላለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ማስያዣ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደህና ይሠራል፤ ፈተናው ጥር ላይ ነው። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ከተማው በእንግዳ ይሞላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አለ፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ አለ፣ ከዋሽንግተን ትኬቱን ቆርጦ አልጋ የሚፈልግ ዲያስፖራ አለ። ባለቤቱ ሥራውን ሲሰጡኝ የነገሩኝ ነገር ይኸው ነበር።

«ልጄ፣ እንግዳ አልጋ ይዣለሁ ብሎ መጥቶ የለም ከምለው፣ ከነጭራሹ ባይኖረኝ ይሻለኛል። ነውር ነው።»

«አይስጉ ጋሼ፤ እየሞከርኩ ነው የምሠራው» አልኳቸው።

«እየሞከርኩ» ያልኩት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ቴስት ነው። አንድ ፕሮግራም እውነተኛ ብሮውዘር ይከፍታል። እንደ እንግዳው ቀን ይመርጣል፣ ስሙን ይጽፋል፣ «ያዝ» የሚለውን ይጫናል። ከዚያ በእንግዳ ተቀባዩ ገጽ በኩል ገብቶ አልጋው በትክክለኛው ቀን መያዙን ያያል። ኮዱ ውስጥ ያለ አንድ ፈንክሽን ለብቻው መሥራቱን ማወቅ ጥሩ ነው። ለጋሼ ግን ቁም ነገሩ አልጋው መያዙ ነው።

ማሽኔ ላይ ያለው አልፓይን ሊኑክስ ነው። ላፕቶፑ ያረጀ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋባይት ነው። አልፓይን የተሠራው ትንሽ እንዲሆን ነው። የኮንቴይነር ምስሉ (ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ታሽጎ የሚሄድበት ጥቅል) 5 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሆነ ሰርቨር ላይ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። እንደ እኔ ላለ ያረጀ ማሽን ደግሞ ራሙን ለሥራው ይተውለታል። ለዕለት ሥራዬ እወደዋለሁ።

የመረጥኩት የቴስት መሣሪያ ደግሞ ፕሌይራይት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ሲሆን ክሮሚየምን (የክሮም መሠረት)፣ ፋየርፎክስንና ዌብኪትን (የሳፋሪ ሞተር) በአንድ ዓይነት ኮድ ያዛል። ግን አልፓይንን አይደግፍም። ሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ምክንያቱ ሲ ላይብረሪው፣ ማለትም አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ከሲስተሙ ጋር የሚነጋገሩበት የጋራ ኮድ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ጂሊብሲ የሚባለውን ይጠቀማሉ፣ አልፓይን ደግሞ ሙስል የሚባለውን። ሁለቱም አንድ ዓይነት አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ለአንዱ የተሠራ ፕሮግራም ግን ሌላው ላይ ዝም ብሎ አይነሳም። ፕሌይራይት ከኢንተርኔት የሚያወርዳቸው ብሮውዘሮች ለጂሊብሲ የተሠሩ ናቸው። በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ታወርዳላችሁ፣ ፓኬጃችሁ ይበላል፣ ከዚያ ተርሚናሉ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላችኋል።

እዚህች ስህተት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ስለሆነ። ፎልደሩን ስታዩ ፋይሉ ቁጭ ብሏል። ስሙ ትክክል ነው፣ ፈቃዱም ትክክል ነው። የሌለው ሌላ ነገር ነው። ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ሲነሳ መጀመሪያ አንድ ጫኝ ይጠራል። ጫኙ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ሰብስቦ ያገናኛል። የጫኙ አድራሻ እዚያው ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፏል። ለጂሊብሲ የተሠራ ክሮሚየም የጂሊብሲን ጫኝ ይፈልጋል፤ አልፓይን ላይ እሱ የለም። የጠፋው ጫኙ ነው፤ ስህተቱ ግን በክሮሚየሙ ስም ይመጣል። በር ከፋቹ ስለሌለ «ቤቱ ራሱ የለም» ተብሎ እንደመመለስ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ፋይሉን ደጋግሞ በማውረድ ዳታ አያባክንም።

ጂኮምፓት የሚባል ፓኬጅ አለ፤ ሙስል ላይ የጂሊብሲን ነገር ለማስመሰል የተሠራ ነው። ለትናንሽ ፕሮግራሞች ያገለግላል። ብሮውዘርን ያህል ግዙፍ ነገር ግን በእሱ ላይ ለማቆም መታገል ጊዜ መፍጀት ነው እላለሁ።

የሚያዋጣው መንገድ አጭር ነው። አልፓይን ራሱ ለሙስል የሠራው ክሮሚየም አለው። እሱን ከፓኬጅ ማከማቻው ትጭናላችሁ። ፕሌይራይት የራሱን ብሮውዘሮች እንዳያወርድ ትከለክሉታላችሁ። ከዚያ ማዋቀሪያው ውስጥ «ብሮውዘሩ እዚህ ነው» ብላችሁ የተጫነውን ክሮሚየም አድራሻ ትሰጡታላችሁ። በጃቫስክሪፕት ከሠራችሁ ይሄዳል፣ ምክንያቱም የአልፓይን ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብሮውዘር ውጭ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ለሙስል የተሠራ ነው። በፓይተን ከሆነ ግን እዚያው ተዉት። የፓይተኑ ፓኬጅ የራሱን ኖድ ይዞ ይመጣል፤ እሱም ለጂሊብሲ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እያንዳንዱ የፕሌይራይት እትም ከአንድ የተወሰነ የክሮሚየም እትም ጋር ተሞክሮ ነው የሚወጣው። ከአልፓይን የመጣው ክሮሚየም ከዚያ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ይግባባሉ። ቢሆንም ሁለቱንም አንድ ላይ አዘምኑ፣ አንድ ላይ ተዉ። ቴስት በሚሠራበት ሰሞን አንዱን ብቻ ማዘመን ምክንያቱ የማይታወቅ ውድቀት ያመጣል። እንደ ሩት (ሁሉ ፈቃድ ያለው) ተጠቃሚ ሆናችሁም አታስኬዱት። ክሮሚየም ያለ ሳንድቦክስ (ገጹን ከቀረው ማሽን ለይቶ የሚያጥረው መከላከያ) ካልሆነ እንደ ሩት አይነሳም፤ ሳንድቦክሱን ከማጥፋት ተራ ተጠቃሚ መክፈት ይሻላል።

ክሮሚየሙ ከተነሳ በኋላ ዋናው ትምህርት ይጀምራል።

መጀመሪያ ፊደሉ። አዲስ በተጫነ አልፓይን ላይ የግዕዝ ፊደል ፎንት የለም። ቴስቱ ገጹን ከፍቶ «አልጋዎ ተይዟል» የሚለው ጽሑፍ መኖሩን ያያል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ስክሪንሾቱን ስትከፍቱ ግን የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖች ናቸው። ቴስቱ አልዋሸም። እሱ የሚያየው በገጹ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ነው፣ ጽሑፉም አለ። ሰው የሚያየው ግን ሳጥኑን ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኮዱ መኖሩ ግን ፎንቱ ተጭኗል ማለት አይደለም። ኖቶ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ። በተጨማሪ አፑ የራሱን ፎንት ይዞ እንዲላክ አድርጉ፤ የእንግዳው ስልክ ላይ ምን እንዳለ አታውቁምና።

ለዚህ ብዬ ስክሪንሾት በስክሪንሾት የሚያነጻጽር ቴስት እዚህ ላይ አልጽፍም። ፕሌይራይት የስክሪንሾቱን ፋይል ሲሰይም «ሊኑክስ» ብሎ ነው የሚለየው። ኡቡንቱም ሊኑክስ ነው፣ አልፓይንም ሊኑክስ ነው። የፊደሉ አሳሳል ግን ይለያያል። የሥራ ባልደረባ ኡቡንቱ ላይ ያነሳው ሥዕል እኔ ጋ ሁልጊዜ ይወድቃል።

ቀጥሎ የወር ስም። ማረጋገጫው ላይ «ጥር 11» ብሎ የሚጽፈው ሰርቨሩ ነው። ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን አቆጣጠር ራሱ ያውቃል፤ 13ቱን ወር፣ ጳጉሜን ጭምር። እውቀቱን የሚያገኘው ግን አይሲዩ ከሚባል የዳታ ስብስብ ነው። አልፓይን ከ3.16 እትም ጀምሮ ይህን ዳታ ለሁለት ከፍሎታል። እንደ ነባሪ የሚመጣው እንግሊዝኛውን ብቻ የያዘ ትንሹ ነው። ሙሉው ለብቻው ይጫናል። ካልጫናችሁት ከአልፓይን ፓኬጅ የተጫነው ኖድ ምንም ስህተት ሳይናገር የወሩን ስም በላቲን ፊደል ይሰጣችኋል። ይህ ባይገጥመኝ ኖሮ አይሲዩ የሚባል ነገር መኖሩን ላላውቅ እችል ነበር። ሰርቨሩ ደግሞ አልፓይን ላይ ነበር የሚቆመው።

ከሁሉ የከበደው ቀኑ ነው። አልጋ ማስያዣ አፕ ማለት ቀን ማለት ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

ማሽኑ የሰዓት ቀጠና አልተሰጠውም ነበርና ዩቲሲ (የዓለም የሰዓት መነሻ) ላይ ነበር። ቴስቱ ጥር 11ን መረጠ፣ አልጋ ያዘ፣ ጥር 11ን አገኘ። አለፈ። ቴስት የምናስኬድባቸው ሰርቨሮች አብዛኞቹም ዩቲሲ ላይ ስለሆኑ እዚያም ያልፋል። ከዚያ ማዋቀሪያው ውስጥ የሰዓት ቀጠናውን አፍሪካ አዲስ አበባ አደረግሁት። እንግዳ ተቀባዩ የሚሠራው በዚያ ሰዓት ነውና። (ለማወቅ ያህል፣ በዓለም የሰዓት ቀጠና ዳታ ውስጥ አዲስ አበባ ዛሬ የናይሮቢ ሌላ ስም ሆና ነው የተመዘገበችው። ሁለቱም ከዩቲሲ 3 ሰዓት ይቀድማሉ።) ቴስቱ ወዲያው ወደቀ። ጥር 11 የተያዘው አልጋ ጥር 10 ሆኖ ተገኘ።

የሆነው ይህ ነው። ቀኑ ሲመረጥ ብሮውዘሩ የዚያን ቀን እኩለ ሌሊት ይሰጣል። ጃንዋሪ 19 እኩለ ሌሊት ጎንደር ላይ ማለት በዩቲሲ ገና ጃንዋሪ 18 ነው፤ 3 ሰዓት ይቀረዋል። ወደ ዩቲሲ ተቀይሮ ሰዓቱ ሲቆረጥ የቀረው 18 ነው። ዋሽንግተን ሆኖ የሚይዝ እንግዳ ግን ከዩቲሲ 5 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ 19ኙ ደህና ይቀመጥለታል። ችግሩ የሚገጥመው ሲያነበው ነው። ጃቫስክሪፕት ሰዓት የሌለውን ቀን እንደ ዩቲሲ እኩለ ሌሊት ያነባል። ያ ዋሽንግተን ላይ ገና 18 ምሽት ነው። ስለዚህ ጎንደር ላይ ሲጻፍ ይሳሳታል፣ ዋሽንግተን ላይ ሲነበብ ይሳሳታል። ዩቲሲ ላይ ሁለቱም ትክክል ይመስላሉ። የጥምቀትን ዕለት አስቡት፤ እንግዳው ለ11 ብሎ ይዞ ሲመጣ አልጋው ለ10 ተመዝግቧል፣ በ11 ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ጋሼ የፈሩት ይኸው ነው።

መፍትሔው ቀኑን እንደ ቀን መያዝ ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ ሰዓት የሚባል ነገር ሳይነካው። ከዚያ በኋላ ያው ቴስት በሦስት የሰዓት ቀጠና ይሄዳል፤ በአዲስ አበባ፣ በኒውዮርክ፣ በዩቲሲ። ጥምቀት በሦስቱም ጥር 11 መሆን አለበት።

እግረ መንገድ አንድ ሌላ ነገር ወጣ። ብዙ ሰው ጥምቀት በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ነው ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ጳጉሜ 6 በሆነ ማግስት ያለው ዓመት ግን መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚጀምር ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይውላል። የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። የ2020 ዓ.ም.ም ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ይሆናል። ለበዓል የሚጨምረውን ዋጋ 19 ብሎ በቋሚነት የጻፈ አፕ በዚያ ዓመት ዋናውን ቀን ይስታል። ይህንንም ቴስት አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ቀኑ ሲደርስ እኔ ባልኖርም ቴስቱ ያስታውሳል።

ስለ ስም ፍለጋ በአጭሩ። እንግዳው «ኃይሌ» ብሎ ያዘ፣ ተቀባዩ «ሀይሌ» ብሎ ፈለገ። ማግኘት አለበት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። ለእነዚህ ቴስት ያልጻፈ አማርኛ አፕ እንግዳ በር ላይ ያቆማል።

የቀረው ዌብኪት ነው። ዲያስፖራው የሚይዘው በአይፎን ነው። አይፎን ላይ ያሉ ብሮውዘሮች፣ ስማቸው ክሮም ቢሆንም እንኳ፣ በአብዛኛው በዌብኪት ነው የሚሠሩት። አልፓይን ላይ የፕሌይራይት ዌብኪት አይነሳም። የፕሌይራይት ፋየርፎክስም ቢሆን ለእሱ ተብሎ የተስተካከለ ስለሆነ ከአልፓይን ማከማቻ በመጣው ተራ ፋየርፎክስ አይተካም። ለፋየርፎክስ ሴሌኒየም አለላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ መሣሪያ ነው፣ ተራውን ፋየርፎክስ ያዛል። ለዌብኪት ግን ግድግዳውን በራስ መግፋት አይጠቅምም።

ያደረግሁት አልፓይኑ ውስጥ ትንሽ ዴቢያን 12 ማስቀመጥ ነው። ዲቡትስትራፕ የሚባለው መሣሪያ አንድ ፎልደር ውስጥ ዴቢያንን ያሰናዳል። ቺሩት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ያው የአልፓይን ነው፤ ላይብረሪዎቹ ግን የዴቢያን ናቸው። ጂሊብሲም ጫኙም አለ። ሁለተኛ ሲስተም ስላልተነሳ ራም አይበላም። ፕሌይራይትም ዴቢያን 12ን ስለሚደግፍ ያለ ክርክር ይጫናል። ዶከር የሚባለውን የኮንቴይነር ማስኬጃ የለመዳችሁ በዶከር መሥራት ትችላላችሁ፤ የማይክሮሶፍት ምስል ግን ለእኔ ዳታ ከባድ ነው። በዶከር ከሄዳችሁ ኮንቴይነሩ የሚያገኘው የጋራ ሚሞሪ በነባሪ 64 ሜጋባይት ብቻ መሆኑን አትርሱ። ክሮሚየም በዚያ ላይ በድንገት ሊሞት ይችላል። ከፍ አድርጉለት።

ብሮውዘሮቹን በተመለከተ ሁሉም ሰው ለየብቻ ማውረድ የለበትም። ፕሌይራይት የሚያስቀምጣቸው በተጠቃሚው የካሽ ፎልደር ውስጥ ነው። አንዱ ያውርድ፣ ፎልደሩን በፍላሽ ይስጥ። ሲስተሙና የፕሌይራይቱ እትም አንድ ከሆኑ ሌላው ላይ ይሠራል። ፒያሳ ላይ ቡና እየጠጣን የተቀባበልናት ፍላሽ ብዙ ጊጋባይት አድናለች።

ስለ ዘገምተኛ ማሽን ደግሞ ይህን ልበል። ፕሌይራይት በነባሪ ለአንድ ቴስት 30 ሰከንድ፣ ለአንድ ማረጋገጫ 5 ሰከንድ ይሰጣል። ከሲፒዩው ኮሮች ግማሹን ያህልም ቴስቶችን ጎን ለጎን ያስኬዳል። 4 ጊጋባይት ራም ላይ ይህ አይቻልም። አንድ በአንድ እንዲሄዱ አድርጉ፣ ጊዜውን ጨምሩ። ቴስት አንዴ አልፎ አንዴ ሲወድቅ ግን ማሽኑን ለመውቀስ አትቸኩሉ። የእኛ አፕ ላይ «ያዝ» የሚለው ቁልፍ ዋጋው ተሰልቶ ሳያልቅ ይጫን ነበር። ፈጣን ማሽን ላይ ስሌቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ አይታይም። የእኔ ማሽን ላይ ይታያል። ኔትወርክ በደከመበት ስልክ ላይም ይታያል፤ የሚይዘው እንግዳ ደግሞ እንዲህ ባለው ስልክ ነው የሚይዘው። መፍትሔውም ቴስቱ ውስጥ «3 ሰከንድ ጠብቅ» ብሎ መጻፍ አይደለም። ቁልፉ ስሌቱ እስኪያልቅ እንዲዘጋ ማድረግ ነው።

ቴስት የማይደርስበት ቦታም አለ። ፕሌይራይት መስክ ሲሞላ ጽሑፉን በአንዴ ነው የሚያስቀምጠው። ስልክ ላይ በአማርኛ ኪቦርድ እየተነካካ የሚጻፈውን ፊደል በዚህ መንገድ አይሞክረውም። ዌብኪቱም የአይፎኑ ሳፋሪ ራሱ አይደለም፤ ሞተሩ ይመሳሰላል እንጂ ስልኩን አይተካም። ስለዚህ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ፣ ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ ከሆነ በኋላ፣ ሁለት ነገር በእጅ ይደረጋል። ጋሼ በራሳቸው አንድሮይድ ስልክ አንድ አልጋ ይይዛሉ። ዋሽንግተን ያለች የአክስቴ ልጅ ደግሞ በአይፎኗ ጥር 11ን መርጣ ትይዝና ማረጋገጫውን ስክሪንሾት አድርጋ ትልክልኛለች። ቀኑን አይቼ፣ ፊደሉን አይቼ፣ አልጋውን እለቅላታለሁ።